የውስጥ ስልክን በዕድሜ የደለደልኩ ጊዜ

ሰው ከወንበሩ ባለመነሳቱ ዕድሜ ልኩን ሊጸጸት እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም። ስለ ችኮላ ተመክሬያለሁ። ስለ መጠጥ፣ ስለ ምላስ፣ ለሰው ዋስ ስለ መሆን ሳይቀር ተመክሬያለሁ። ስለ መቀመጥ ግን አንድም ሽማግሌ ምንም አላለኝም። እንግዲህ አሁን ሽማግሌው እኔ ነኝና ልንገራችሁ፤ ጊዜ ካላችሁ ማለቴ ነው። እኔማ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጊዜ በቀር ምንም የለኝም።

ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች ዛሬም ገበያ ላይ ያገኙኛል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ለምን ቆመ ብትሉ፣ ክፍልፋይ የሚባል ነገር መጣ። ደኅናውን ሙሉ ነገር ለምን እንደሚሰባብሩት አልገባኝ ቢል ተውኳቸው። እግሬ ግን ተምሯል። ቦንጋን ታውቋት እንደሆነ ሜዳ የተነፈጋት ከተማ ናት፤ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። እኔ በዚያ ጭቃና በዚያ ዳገት ደብዳቤ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ስወጣ ስወርድ ስኖር፣ አንድም ወረቀት ከባለቤቱ እጅ ሳይገባ አድሮብኝ አያውቅም። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ኩራቴን ቶሎ ጨርሼ ወደ ኀፍረቴ እንድሻገር ነው።

ታዲያ አንድ ክረምት እትዬ በላይነሽ ጡረታ ወጡ። እትዬ በላይነሽ የመሥሪያ ቤታችን ስልክ ኦፕሬተር ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ እንኳ ከማዞሪያቸው ያልተነሱ ሴትዮ። በእሳቸው ቦታ ማን ይግባ ሲባል ኃላፊያችን እኔን ጠራኝ። ኃላፊያችን ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ግን ሰው አክባሪ፣ እኔ ስገባ ከወንበሩ ብድግ የሚል።

«ጋሼ፣ እግርዎ ደክሟል» አለኝ። «ዝናቡም አይሆንዎትም። ከእንግዲህ ቁጭ ብለው ይሥሩ።»

«ማዞሪያ እኮ አላውቅም።»

«ይማራሉ። ደግሞ ምን አለው? እትዬ በላይነሽ ሹራብ እየሠሩ ነው ሲያዞሩት የኖሩት።»

እውነት ነው፣ ሹራብ ይሠሩ ነበር። እኔም ሹራቡን አይቼ ነገሩን ናቅኩት።

ማዞሪያ የሚባለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አመድማ የብረት ሳጥን ነው፤ ሌት ተቀን «እምምም» ይላል። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ቁልፋምና ባለመብራቱ ነው። ከውጭ የሚገባልን አንድ መስመር ብቻ ሲሆን ወደ ውስጥ ወደየክፍሉ አሥራ ስድስት ገመድ ይወጣል። እኔ ማንኪራ ተወልጄ የንብ ቀፎ ሥር ያደግሁ ነኝና የሳጥኑን ድምፅ ስሰማ፣ «ይሄስ ዘመድ ነው» አልኩ። ቀፎ ግን የሚናደፈው ከፊት ለፊት ነው። ይኸኛው እንደዚያ አይደለም።

እትዬ በላይነሽ ሦስት ቀን አስተማሩኝ።

«ይኸውልህ» አሉኝ፣ «ከውጭ ሲደወል ይቺ ቀይዋ ትበራለች። ታነሳለህ። ማንን ልጥራልዎት ትላለህ። የሰውየውን ቁጥር ትመታለህ። በቃ ይኸው ነው።»

«ይኸው ከሆነ ሦስት ቀን ለምን አስፈለገ?»

«ሁለቱ ቀን ላንተ ሲባል ነው።»

ደግሞም አንድ ደብተር ሰጡኝ። የቁጥሩ መቀየሪያ፣ የትኛው ገመድ የት እንደሚሄድ፣ ሁሉም በዚያ በተጣመመ ጽሑፋቸው ተጽፏል። በመጨረሻው ቀን ሹራባቸውን ጠቅልለው ሲነሱ እንዲህ አሉኝ፦ «አንድ ነገር። ሰው ካገናኘህ በኋላ መነሳቱን በጆሮህ ሳታረጋግጥ እጀታውን እንዳታስቀምጥ።»

«እሺ» አልኩ። በልቤ ግን ሳቅኩ። እትዬ በላይነሽ የሰው ወሬ በመስማት የታወቁ ነበሩ። ማን ሊሾም እንደሆነ፣ የማን ትዳር እንደተናጋ፣ የማን አማት እንደታመመች ከንስሐ አባት ቀጥሎ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ «መነሳቱን ላረጋግጥ» እያሉ ነው ለካ ከተማውን ሲያዳምጡ የኖሩት አልኩና ያኔውኑ ለራሴ ማልኩ፤ እኔ የሰው ምሥጢር አልሰማም። ቁጥሩን መትቼ አንድ ጊዜ «ጢር» ሲል እጀታዬን አስቀምጣለሁ። ጨዋ ሰው ነኝ። ጨዋነቴ ሰውን ስንት እንደሚያስከፍል ወደፊት ታያላችሁ።

ወንበሩ ላይ በተቀመጥኩ በሳምንቱ ጸሐይ መጣች። ጸሐይ ታይፒስታችን ናት፤ ከሁላችንም ልጅ እሷ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ። ድምፅዋን የምትሰሙት ታይፑ ሲያርፍ ብቻ ነው። ባለቤቷ መምህር አድማሱ ቢታ ገነት ነው የሚያስተምረው። እሷ ቦንጋ፣ እሱ ቢታ። በክረምት መንገዱ በጭቃ ሲያዝ ለሦስት ሳምንትም ለወርም አይገናኙም። ሁለት ዓመት የሞላት ማሕሌት የምትባል ልጅ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለችኝ።

«በይ እስቲ ልጄ።»

«ቢታ አንድ መሥሪያ ቤት የታይፒስት ቦታ ተከፍቷል። ዝውውር ጠይቄ ሊፈቅዱልኝ ነው። ግን በዚህ መንገድ ደብዳቤ አይደርስምና በስልክ ነው የሚጠይቁኝ። እመጣለሁ ካልኩ ቦታው የኔ ነው። በዚህ ሰሞን ይደውላሉ።»

«ገና ሲደወል ነው የማገናኝሽ!» አልኳት። «ሌላውን ሰው ሁሉ አስጠብቄ።»

ሳቀችና ሄደች። ስትሄድ ጀርባዋ እንኳ የሚስቅ ይመስል ነበር።

ይኸው በሆነ በማግስቱ ሪፎርም መጣ። ሪፎርም ምን እንደሆነ ዛሬም አጣርቼ አላውቅም፤ የማውቀው ጠረጴዛ የሚያስነሳ ነገር መሆኑን ነው። ሂሳብ ከነበረበት ዕቅድ ገባ። ዕቅድ ከነበረበት ስብሰባ አዳራሽ ሆነ። የድሮው የታይፕ ክፍል ዕቃ ግምጃ ቤት ተደረገና ጸሐይ ከጎኑ ባለች ጠባብ ክፍል ታይፗን ይዛ ገባች። ሰው ሁሉ ወንበሩን ተሸክሞ እንደ ጉንዳን ተላለፈ። የስልኮቹ ገመድ ግን በየግድግዳው እንደተቸነከረ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ የሂሳቡ ስልክ በዕቅድ፣ የዕቅዱ በአዳራሹ ሲጮህ ኃላፊያችን ወደኔ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ የውስጥ ቁጥሮቹን እንደ አዲሱ መዋቅር ይደልድሉልን።»

«በምን ቅደም ተከተል?»

ስብሰባ ረፍዶበት ነበር። «በተገቢው ቅደም ተከተል!» ብሎኝ ወጣ።

በተገቢው! እኔ ያደግሁበት አገር ተገቢ ቅደም ተከተል አንድ ብቻ ነው። ሠርግ ላይ ቢሆን ለቅሶ ላይ፣ ለእጅ ውሃም ሆነ ለመጀመሪያው ቁራሽ፣ ከታላቅ ይጀመራል። ከታናሽ የጀመረ ሰው ቤቱ አይባረክም። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ ስድስት ጻፍኩና በዕድሜ ልደለድል ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ሌላ መንገድ ይኖራል የሚል ሐሳብም አልመጣልኝ።

ወሬው በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰው ቢሮዬን ሞላው። ትንሿን ቁጥር የሚፈልግ በዛ። ሰው ለካ ቁጥርም ላይ ወንበር ያያል! የሂሳብ ሹማችን፣ ጡረታ እንዳይደርስበት ዕድሜውን ሃምሳ ሁለት ብሎ ያስሞላ ሰው ነው፤ በር ዘግቶ ጆሮዬ ላይ ተጠጋና፣

«ጋሼ፣ እውነቱን ላንተ ልንገርህ፤ ስልሳን አልፌያለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ፋይልህ ላይ ሃምሳ ሁለት አይደል የሚለው?»

«እሱ ለጡረታ ነው። ይሄ ለስልክ ነው።»

ሴቶቹ ደግሞ በተቃራኒው መጡ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ፣ «እኔን መጨረሻ ላይ ጻፈኝ፣ ምንም አይከፋኝም» አለችኝ። የልጅ ልጅ እንዳላት አውቃለሁ። የአንገቷን ሽብሽብ አየሁና ወደ መኻል ጻፍኳት።

በዚህ አኳኋን አሥራ አንድ ቁጥር ለዘበኛችን ለጋሽ ወልዴ ደረሰ፤ ከሁላችን ታላቅ እሳቸው ናቸው። ኃላፊው ሃያ አንድ ሆነ። መጨረሻ ላይ ሃያ ስድስት ቁጥር፣ የታናሻችን የጸሐይ ሆነ። ቁጥሩን ከገመድ ጋር ለማጋባት የእትዬ በላይነሽን ደብተር ገለጥኩ። «አሥራ ስድስተኛ ገመድ፦ ታይፕ ክፍል» ይላል። ጸሐይ ታይፒስት ናት፤ ስለዚህ ሃያ ስድስትን ለዚያ ገመድ ሰጠሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ደብተሩ የተጻፈው ከሪፎርሙ በፊት ነው። የታይፕ ክፍል የተባለው የድሮው፣ አሁን ዕቃ ግምጃ ቤት የሆነው ክፍል ነው። ሰዎቹ ተነሱ እንጂ ገመዱ አልተነሳም። ይህን ዛሬ የሰፈራችን ፍየል ጭምር የሚያውቀው ይመስለኛል። ያን ቀን ግን እኔ ደብተሩን ዘግቼ፣ እጄን አሻሽቼ፣ «አለቀ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ገበያ ሆነ። የለመደ እጅ ልማዱን አይለቅምና ምክትል ኃላፊው እንደ ወትሮው ኃላፊውን ላማክር ብሎ የድሮ ቁጥሩን አሥራ አንድን መታ። ጋሽ ወልዴ ከዘበኛ ጎጇቸው አነሱ። አማርኛ የሚናገሩት ሲገደዱ ብቻ ነው፤ ከአፍ መፍቻቸው ከካፊኖኖ ወደ አማርኛ ሲመጡ ቃል ቆጥበው፣ እንደ ሹም ነው።

«ያንን የሚያረፍድ ሰውዬ ምን እናድርገው?» አለ ምክትሉ። «እናሰናብተው ወይስ በማስጠንቀቂያ እንለፈው?»

«ልጆች አሉት?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«አምስት።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ተወው።»

ምክትሉ ኃላፊው ጉንፋን ይዞት ድምፁ የጎረነነ መሰለው። ሰውየው በይቅርታ ታለፈ። ከመሥሪያ ቤታችን ውሳኔ ሁሉ ቅር ያለው ሰው ያልተገኘበት ያ ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ዕቅድ ክፍል ሂሳብን ሲፈልግ መዝገብ ቤት ይገባል፤ መዝገብ ቤት ምክትሉን ስትፈልግ ባዶው አዳራሽ ይጮሃል። እስከ ምሳ ድረስ ያልጮኸብኝ ሰው አልነበረም። ኃላፊው ራሱ መጣ።

«ጋሼ፣ ጋሽ ወልዴ አሥራ አንድ፣ እኔ ሃያ አንድ?»

«እርስዎ ገና ልጅ ነዎት።»

«ነኝ፤ አልካድኩም» አለና ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን ይሁን ንዴቱን እንጃ። «ግን መሥሪያ ቤቱን ዘበኛው እያስተዳደረ ነው። እባክዎ፣ የተሳሳተበትን ሁሉ ያስተካክሉለት። ደግሞ ከማዞሪያው እንዳይርቁ።»

አስተካከልኩ። እንዴት መሰላችሁ? የጮኸብኝን። የሂሳብ ሹሙ በሩን በርግዶ ሲገባ የእሱን አስተካከልኩ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ስታለቅስ የእሷን። ምክትሉ ጠረጴዛዬን ሲደበድብ የእሱን። በሁለት ቀን ውስጥ ጩኸቱ ሁሉ አለቀ፤ ጩኸት ሲያልቅ ደግሞ ስሕተት ያለቀ መሰለኝ። ጸሐይ አልጮኸችም። መንገድ ላይ ሳገኛት፣

«አንቺስ ልጄ፣ ስልክሽ ደኅና ነው?» አልኳት።

«አልጠራም ጋሼ። ማን ይደውልልኛል፣ ከቢታ በቀር?»

እኔ ይህን «ደኅና ነው» ብላ እንደመለሰች ቆጠርኩት። ሰው የሚሰማው ሊሰማ የፈለገውን ነው ይባላል፤ እኔ ያንን እንኳ በቅጡ አልሰማሁም።

ረቡዕ ከምሳ በፊት ቀይዋ በራች። አነሳሁ። ከሩቅ፣ ዝናብ ውስጥ የሚያወራ የሚመስል ድምፅ፣ «ሃሎ፣ ከቢታ ገነት ነው፤ ወይዘሮ ጸሐይን» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። «አሉ! አሁኑኑ!» ብዬ ሃያ ስድስትን መታሁ። «ጢር» አለ። እኔም በጨዋ ደንብ እጀታዬን አስቀመጥኩ። የልጅቷን ደስታ በጆሮዬ ልዘርፍ? ወንበሬ ላይ ተለጠጥኩና ለራሴ፣ «ይኸው ነው ሥራ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጸሐይ በበሬ አለፈች። ፊቷ ጨፍግጓል። እኔ ግን ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። በእኛ አገር ሰው ደስታውን ሳይጨብጥ አያወራም፤ ዓይን ይበላዋል። ደግ አደረገች ልጄ፣ አፏን ይዛለች አልኩ። ጠቀስኳት። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጠቀስኳት።

«ምነው ጋሼ፣ ዓይንዎን አመመዎት?»

«ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም» አልኩና ደግሜ ጠቀስኳት። በሁኔታዬ ግራ ገብቷት ሄደች።

ሐሙስ እንደገና ደወለ። ያው ሰው ነው። «ትናንት ጠርቶ አልተነሳም» አለኝ።

«ምሳ ወጥታ ይሆናል፤ ዛሬ አለች!» ብዬ መታሁለት። «ጢር» ሲል አስቀመጥኩ። ትናንት አልተነሳም የሚለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ወደ ልቤ ሳይወርድ መንገድ ላይ ቀረ። ዛሬማ ጨርሰዋል አልኩ። እንዲያውም ከሰዓት በኋላ ሻይ ላኩላት፤ የደስ ደስ ነው። ሻዩን የወሰደችው ልጅ ተመልሳ፣ «ጸሐይ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች፣ ግን ምክንያቱን ጠይቂልኝ አለችኝ» አለችኝ። እኔም «ታውቀዋለች በያት» አልኩ።

ዓርብ ነው። ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቀይዋ በራች።

«አባቴ» አለኝ ያ የቢታ ሰው፣ ትሑት ሰው ነው፤ «ሁለት ቀን ጠርቶ የሚያነሳ የለም። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካላገኘናት ሌላ አመልካች አለ። ወይዘሮዋ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆን?»

አሁን ነው እንግዲህ። ልብ በሉ። የጸሐይ በር ከወንበሬ ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰው ፈልጌ ለማግኘት ተራራ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብድግ ብል፣ «ጸሐይ፣ ነይ እዚህ ያዢ» ብል፣ በቃ ያ ነበር። ግን ኦፕሬተር ሆኛለሁ። ኦፕሬተር አይነሳም። እንደ ድሮ ተላላኪ በኮሪደር እየሮጥኩ ስጣራ ሰው ቢያየኝ፣ «ይኸው፣ ማዞሪያውን አልቻለውም» ይለኛል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። አሳፋሪ ነው፤ ግን ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

«አልቀየረችም!» አልኩት። «ይጠብቁ፣ እኔ ራሴ አጥብቄ እደውላለሁ።»

አጥብቆ መደወል ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ቁልፉን በኃይል ነው የተጫንኩት። በዚህኛው ጊዜ ግን እጀታውን አላስቀመጥኩም፤ የእትዬ በላይነሽ ምክር ትዝ ብሎኝ አዳመጥኩ። «ጢር… ጢር…» ይላል። በአንድ ጆሮዬ በእጀታው እሰማዋለሁ። በሌላ ጆሮዬ ደግሞ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር፣ ከግድግዳ ማዶ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ያንኑ እሰማለሁ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ቁልፉን ይዞ ለፊልድ ሥራ ሺሺንዳ ከሄደ ሳምንቱ ነው።

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? ተናደድኩ! «ማነው ይሄ ሰነፍ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ሰው ሲደውል ስልክ የማያነሳ!»

አሥር ጊዜ ጠራ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ጠራ። ከዚያ ሰውየው ዘጋ። የዕቃ ግምጃ ቤቱም ዝም አለ። አብረው፣ በአንድ ትንፋሽ ዝም አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ብድግ ብዬ ያንን አሥር እርምጃ ሮጥኩት።

ጸሐይ ጠረጴዛዋ ላይ ናት። እጇን ስልኩ አጠገብ አስቀምጣለች፤ አልነካችውም፣ አጠገቡ ብቻ። የቆጮ ቁራሽ በወረቀት ጠቅልላ ከጎኗ አኑራለች።

«ጸሐይ፣ ልጄ።»

«አቤት ጋሼ።» ከዚያ ፊቴን አየችና ተነሳች። «ምነው?»

«ከቢታ ደውለው ነበር።»

«መቼ?»

«አሁን። ትናንትም። ረቡዕም።»

«ማን አነሳው?»

«ማንም። ቁጥርሽን ተሳስቼ… ዕቃ ግምጃ ቤት ነው ሲጠራ የከረመው።»

ማዞሪያው ተበላሽቶ ነው ማለት እችል ነበር፤ ማንም አይጠረጥረኝም። ያን ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን ያልተፈጸመ ሥራ ሁሉ በማዞሪያው ይሳበብ ነበር። ግን አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ ሰሞን ሥራዬ ሁሉ ያላፈርኩባት ይህቺ ብቻ ናት።

ጸሐይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ግድግዳውን አየች፤ የእሷንና የግምጃ ቤቱን ክፍል የሚለየው ስስ ጣውላ ነው።

«ያ ሲጮህ የነበረው የኔ ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው።»

«ሰምቼዋለሁ እኮ ጋሼ። ሦስቱንም ቀን ሰምቼዋለሁ። የሚያነሳለት ያጣ፣ ምስኪን ብዬ አዘንኩለት።» የጠቀለለችውን ቆጮ አሳየችኝ። «እኔ እኮ ምሳ እንኳ አልወጣሁም። ይደውሉ ይሆናል ብዬ።»

ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? የሂሳብ ሹሙ ለአንድ ቁጥር በር በርግዶብኛል። እሷ ግን ወንበሯን ሳበችልኝና፣ «ይቀመጡ፣ ሮጠው ደክመዋል» አለችኝ። አልተቀመጥኩም። መቀመጥ አስጠልቶኝ ነበር።

ወደ ማዞሪያው ተመልሼ ወደ ቢታ መስመር ጠየቅሁ። በዝናቡ መስመሩ የለም ተባለ። ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ እዚያው ለቢታው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን እኔ አደርሳለሁ አልኩ። ብብቴ ሥር ሸጉጬ እንደ ድሮዬ ወጣሁ። ሺሺንዳ ድረስ በጭነት መኪና ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ መኪና አይሄድም አሉኝ፣ መንገዱ ተቆርጧል። በእግሬ ልጀምረው ስል የሺሺንዳ ነጋዴዎች ያዙኝ። «አባባ፣ በዚህ ጎርፍ የት ይሄዳሉ? ልጆችዎ አያዝኑም?» አሉኝ። ቅዳሜንም እሁድንም እዚያው ዝናብ ሳይ ሰነበትኩ። ሕይወቴን ሙሉ አንድ ደብዳቤ ከእጄ ሳይወጣ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ ቦንጋ ስመለስ መስመሩ ተቀጥሏል። ደወልኩ። ያው ትሑት ሰው አነሳ።

«አባቴ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅናት» አለኝ። «እንዲያውም ተኩል ጨምረናል። አልፈለገችም ብለን ለሌላ ሰጠነው። ሰውየው ሥራ ጀምሯል። ምን ላድርግ?»

ምንም ሊያደርግ አይችልም። እኔም አመስግኜው ዘጋሁ።

ሌላ የታይፒስት ቦታ ቢታ ላይ እስኪከፈት ሁለት ዓመት ፈጀ። በነዚያ ሁለት ዓመታት መምህር አድማሱ መንገድ ሲገኝለት ቅዳሜ ይመጣል፣ እሁድ ይመለሳል። እኔ ማዞሪያውን አውቄው ነበር፤ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር በአዲስ ገልብጬ፣ እያንዳንዱን ገመድ በእግሬ እየተከተልኩ የት እንደሚያርፍ አይቼ ጽፌዋለሁ። ሰው ሳገናኝም መነሳቱን ሳልሰማ አላስቀምጥም። አንዳንዱ «ሽማግሌው ወሬ ይሰማል» ይለኝ ነበር አሉ። ይበለኝ።

ጸሐይ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ይኸው ነው የከበደኝ። ዓመት በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረስዎት ጋሼ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ስል «አብሮ» የምትለዋን ቃል ድምፄን ዝቅ አድርጌ እላታለሁ።

የዝውውሩ ቀን መጥቶ ዕቃቸውን ሲጭኑ መናኸሪያ አብሬያቸው ወረድኩ። መምህር አድማሱ ሊወስዳቸው መጥቷል። ፍራሹን እኔ ነኝ የተሸከምኩት፤ ተዉ ቢሉኝም እምቢ አልኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ሦስቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ማሕሌት አራት ዓመት ሆኗታል፣ መኻላቸው ገብታለች። እኔ በመስኮቱ ሥር ቆሜ እነግራታለሁ፤ ቢታ ስትደርሺ አዲስ ቤት አለ፣ ጓደኞች ይኖሩሻል፣ እናትሽም አባትሽም አብረውሽ ናቸው እያልኩ። ራሷን እየነቀነቀች ትሰማኛለች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ማሕሌት አንድ ነገር ስታስብ ቆየችና ወደ አባቷ ዞራ እጁን ያዘችው።

«እሁድ» አለችው፣ «አንተ የት ነው የምትሄደው?»

አድማሱ ወደ ጸሐይ አየ። ጸሐይ ወደ ውጭ አየች። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ አባትየው ምን ብሎ እንደመለሰላት አልሰማሁም።